ደንቡ ኮሌጁንም ያስረዋል

(በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ኮሌጅ ለሚጀምሩ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው በተዘጋጀ መድረክ ላይ አንዲት እህታችን ያደረገችው ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ብቻ ተስተካክሏል።)



ዛሬ የምናገረው ሁላችንም ስለተስማማንበት፣ ግን ማናችንም ስላላነበብነው አንድ ሰነድ ነው። ልጆቻችሁ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሲመዘገቡ ኮምፒውተሩ «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚል ትንሽ ሳጥን ያመጣል። ሳጥኗን ተጭነን እናልፋለን። እኔም በጊዜዬ ተጭኜ አልፌያለሁ። ከዚያች ሳጥን ጀርባ ያለው የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ ነው። ስለዚህ ደንብ ለመናገር ፈቃደኛ የሆንኩት አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። በአንድ ወንድማችን ላይ በሠራሁት ስህተት ምክንያት ነው።

ከዓመታት በፊት በሌላ ስቴት ስኖር የማውቀው አንድ ወጣት ነበር። ስሙንም ኮሌጁንም አልጠራም፤ በዚህ አካባቢ ካሉት ኮሌጆች አንዱም አይደለም። ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቀን ይማራል። አንድ ቀን ከኮሌጁ ደብዳቤ መጣለት። የመጣው ኮሌጁ በሰጠው ኢሜይል ነው፤ እሱ ደግሞ የሚከፍተው የራሱን ብቻ ነበር። ያየው በ12ኛው ቀን ነው። የላብራቶሪ ሪፖርትህ ከሌላ ተማሪ ሪፖርት ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቷል፣ ቀርበህ አስረዳ ይላል። እውነቱ ምን ነበር? አብሮት የሚያጠናው ልጅ ከጋራ ፍላሻቸው ላይ ሥራውን ሳያስፈቅድ ወስዶ ነው። ልጁ ከሳሽም ተከሳሽም ሳይሆን በመሃል የተዘረፈ ሰው ነበር።

ደነገጠና ለእኔ ደወለ። ምን አልኩት መሰላችሁ? «ወንድሜ፣ ከፈረንጅ ጋር ክርክር አትግጠም። አንገትህን ደፋ አድርገህ ይቅርታ ጠይቅ፤ ያልፋል» አልኩት።

እንዳልኩት አደረገ። ዲኑ ፊት አንገቱን ደፋ። እኛ ዘንድ ይህ አደብ ነው፤ ትልቅ ሰው ዓይን ለዓይን አይታይም። እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን «ዓይኑን ሸሸ» ተብሎ ነው የተነበበው። ይቅርታ አለ። እኛ ሌላ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» የምንል ሕዝብ ነን፤ ይቅርታ ማለት ጥፋት ማመን አይደለም። እዚያ ግን እንደ ማመን ተጻፈ። ከዚያ አንድ ወረቀት ቀረበለት፤ «ኃላፊነቱን እቀበላለሁ» ይላል። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ፈረመ። በእርግጥም ቶሎ አለቀ፤ ለአንድ ሴሚስተር ታገደ።

እገዳው በዚያ አላበቃም። የፌዴራል የትምህርት እርዳታ የሚቀበል ተማሪ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ከትምህርት ከወጣ፣ ያልተማረበት ጊዜ ድርሻ ተሰልቶ ይመለሳል። ኮሌጁ ለመንግሥት ይመልስና ጉድለቱን ከተማሪው ይጠይቃል። ልጁ ዕዳ ተጻፈበት። ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ዳግም መመዝገብ አልቻለም። ያን ዕዳ ሲከፍል ሁለት ዓመት ሄደ። ይህ ሁሉ የሆነው ባላደረገው ነገር ነው፤ በእኔ ምክር ነው። እሱ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ደንቡን ያነበብኩት። ሳነበው ያስገረመኝ የቅጣቱ ብዛት አይደለም። ከግማሽ የሚበልጠው ገጽ የሚናገረው ኮሌጁ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። ክሱ በጽሑፍ ይድረሰው ይላል። ማስረጃውን የማየት መብት አለው ይላል። የራሱን ምስክር ያቀርባል፣ አማካሪ ሰው ይዞ ይገባል፣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ልጁ ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቀም። ካልጠየቅህ ደግሞ ማንም አያስታውስህም።

ይህ መብት ከኮሌጆች ቸርነት የመጣ አይደለም። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1960 በአላባማ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ የጥቁሮች ኮሌጅ የነበረው የአላባማ ስቴት ኮሌጅ 29 ያህል ተማሪዎች በፌብሩዋሪ 25 ቀን ወደ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ምድር ቤት ወርደው ምግብ ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ። ምግብ ቤቱ ለነጮች ብቻ ነበር። አናስተናግድም ተባሉ፤ ቤቱም ተዘጋ። ልጆቹ የሰበሩት ዕቃ፣ የመቱት ሰው የለም። በቀጣዮቹ ቀናት ሌሎች ተማሪዎችም ሰልፍ ወጡ። የአላባማ ገዥ ጆን ፓተርሰን እርምጃ እንዲወሰድ ግፊት አደረገ። የትምህርት ቦርዱ ተሰበሰበና 9 ተማሪዎች እንዲባረሩ፣ 20 ደግሞ በማስጠንቀቂያ እንዲቆዩ ወሰነ። ልጆቹ አልተጠሩም፣ አልተጠየቁም። የደረሳቸው የመባረር ደብዳቤ እንኳን እያንዳንዳቸው ምን እንዳጠፉ ለይቶ አይናገርም ነበር።

ተባራሪዎቹ ዝም አላሉም። ከጠበቆቻቸው አንዱ የሮዛ ፓርክስ ጠበቃ የነበረው፣ ራሱም ከዚያው ኮሌጅ የተመረቀው ፍሬድ ግሬይ ነው። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተሸነፉ። ይግባኝ አሉ። በ1961 የአምስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ኮሌጅ ተማሪን በጥፋት ሲያባርር አስቀድሞ ክሱን ሊነግረው፣ የመከላከያ ዕድልም ሊሰጠው ይገባል አለ። ክሱ ዝርዝር ይሁን፣ የምስክሮቹ ስምና ቃል ይነገረው፣ እሱም መልሱንና ምስክሮቹን ያቅርብ፣ ውጤቱም እሱ በሚያየው ሪፖርት ይስፈር ብሎ አመለከተ። ጉዳዩ በመጀመሪያው ከሳሽ በሴንት ጆን ዲክሰን ስም «ዲክሰን በአላባማ ላይ» ተብሎ ይጠራል፤ «ሴንት ጆን» የልጁ መጠሪያ ስም ነው። ዛሬ በየኮሌጁ ደንብ ውስጥ «ክሱ በጽሑፍ ይድረሰው» የሚለው ቃል ከዚያ ምግብ ቤት ወንበር ላይ የተነሳ ነው። የ9ኙ መባረር ከመዝገባቸው የተሰረዘው ግን በ2018 ነው። 58 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አያቶች ሆነው ነው የሰሙት።

ስለዚህ ልጆች፣ «ዝም ብዬ ልለፈው» ስትሉ ሌሎች ተባረው ያመጡትን መብት ነው ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ የምትወጡት።

አንድ ነገር ላርም። ኮሚኒቲ ኮሌጆች በአብዛኛው የመንግሥት ናቸው፤ ይህ ፍርድ የሚሠራው ለእነርሱ ነው። የግል ኮሌጅ የምትማሩ ደግሞ የኮሌጁ ደንብ ራሱ እንደ ውል ነው የሚታየው፤ እዚያ ይበልጥ ማንበብ አለባችሁ። የኮሌጅ ችሎት ፍርድ ቤት አለመሆኑንም እወቁ። በወንጀል ችሎት ዐቃቤ ሕግ ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። ኮሌጅ ውስጥ ግን በአብዛኛው «ሳይሆን አይቀርም» የሚያሰኝ፣ ሚዛኑ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ይበቃል። እንግዲህ ዝምታችሁ ሚዛኑን ወዴት እንደሚያዘነብለው አስቡት።

ወላጆች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ «እኔ አባቱ ነኝ፣ ክፍያውንም የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ስለ ልጄ ንገሩኝ» ብላችሁ ኮሌጅ ሄዳችሁ በር ተዘግቶባችኋል። ንቀት አይደለም። በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ በትምህርት መዝገቡ ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ ልጁ ይዛወራል። የ16 ዓመት ልጅም ቢሆን ኮሌጅ ከገባ እንዲሁ ነው። ልጁ ፈቃዱን በጽሑፍ ከሰጠ ግን ይነግሯችኋል። ታዲያ ልጃችሁ ደብዳቤ ሲመጣበት ከእናንተ የሚደብቀው ለምን ይመስላችኋል? ቅጣቱን ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቀውን ጩኸት ፈርቶ ነው። እባካችሁ መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብቡ፣ ቁጣው ይደርሳል።

እኛን በተለይ የሚጥሉን ነገሮች አሉ፤ ቶሎ ቶሎ ልናገርና ልለፍ። መጋዘን የምትሠሩ ልጆች ካርቶን መቅደጃዋን ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ግቡ፤ ወጥ ቤት የምትሠሩም ቢላችሁን መኪና ውስጥም ቢሆን ከመተዋችሁ በፊት የኮሌጃችሁን ደንብ እዩ። አብሮ ማጥናት ሱና እስኪመስለን ድረስ እንወዳለን፤ ደስ ይላል፤ ነገር ግን አጥንታችሁ ስታበቁ ሁላችሁም በየራሳችሁ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። የክፍሉ መምህር በጽሑፍ ካልፈቀደ በስተቀር ኮምፒውተር የጻፈላችሁን የራሴ ነው ብላችሁ አታስገቡ።

ጫት! ትስቃላችሁ። በሳቅ የሚያልፍ ግን አይደለም። ለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ሰንጠረዥ፣ በመጀመሪያው ነው የተመደበው። አባትህ በሀገር ቤት በረንዳ ላይ በክብር የሚይዘው ነገር እዚህ በቦርሳህ ከተገኘ በኮሌጁም በፖሊስም ያስጠይቅሃል። ማሪዋናም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለአዋቂ ተፈቅዷል ብላችሁ እንዳትታለሉ። ኮሌጁ የፌዴራል ገንዘብ ስለሚቀበል በግቢው ውስጥ የመከልከል ግዴታ አለበት።

ቀጥሎ ቀልድ። እኛ «እገድልሃለሁ!» ብለን እየሳቅን የምንቃለድ ሰዎች ነን። ይህን በእንግሊዝኛ ተርጉማችሁ በክፍል ግሩፕ ቻት ላይ አትጻፉት። በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ 32 ሰዎች ተገድለዋል። በማግስቱ ዓመት የቨርጂኒያ ሕግ የመንግሥት ኮሌጆች ሁሉ ዛቻን የሚመረምር ቡድን እንዲያቋቁሙ አዘዘ። በኦክቶበር 1 ቀን 2015 ደግሞ በኦሪገን በኡምኳ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ልክ እንደ እናንተ ኮሌጅ ተመላላሽ ተማሪ በሚማርበት ግቢ፣ ክፍል ውስጥ እያሉ 9 ሰዎች ተገደሉ። ስለዚህ ዛቻ የመሰለ ቃል ያነበበ ሠራተኛ ሪፖርት ቢያደርግ ጠልቶን ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። አንዳንዴ ጥላቻ ይኖራል፤ አውቃለሁ፣ አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ሠራተኛው የሚያስበው ስለዚያ ክፍል ነው።

አሁን ስለ ደህንነት ልናገር፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

አንዲት እህታችን የማታ ትምህርት ትከታተል ነበር። ክፍሉ የሚያልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። አንድ ምሽት ወደ መኪናዋ ስትሄድ አንድ ሰው ተከተላት፣ ሰደባት፣ ሒጃቧን ከኋላ ጎትቶ ሮጠ። አልቆሰለችም። ቤቷ ገብታ ለእናቷ ነገረች። እናትየው «ሁለተኛ ማታ አትሄጂም» አለች። ነገሩ በሦስት ቤት ቡና ላይ ተወራ፤ ሁላችንም አዝነን «አላህ ይያዝለት» አልን። ለኮሌጁ ፖሊስ የነገረ ግን አልነበረም። እሷ ክፍሉን ተወች፣ ከዚያም ትምህርቱን ተወች። በሚቀጥለው ዓመት የዚያን ግቢ የወንጀል ሪፖርት ከፍቼ «በጥላቻ የተፈጸመ» የሚለውን ዐምድ አየሁት። 0 ይላል።

ኮሌጁ ዋሸ? አልዋሸም። ያልተነገረውን ከየት ያምጣ? ያቺ 0 የተጻፈችው በእኛ ቡና ላይ ነው።

ይህ ሪፖርት እንዲኖር ያደረገችው አንዲት ሟች ልጅ ናት። ጂን ክለሪ ትባላለች፤ የ19 ዓመት ተማሪ ነበረች። በ1986 በፔንሲልቬንያ በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍሏ ውስጥ ተገደለች። ወላጆቿ ሐዘናቸውን ይዘው ቤት አልተቀመጡም፤ ኮሌጆች በግቢያቸው የሚፈጸመውን ወንጀል እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ እስኪወጣ ታገሉ። በ1990 ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 የሦስት ዓመት የወንጀል ቁጥር ያወጣል። ፖሊስ ወይም የጥበቃ ክፍል ያለው ኮሌጅ ደግሞ የዕለት መዝገብ ይይዛል፤ የቅርቡን 60 ቀን ማንም ሰው፣ ተማሪ ያልሆነ አባትም ቢሆን፣ በሥራ ሰዓት ሄዶ ማየት ይችላል። በሃይማኖት፣ በዘር ወይም በትውልድ አገር ጥላቻ የተፈጸመ ማስፈራራትና መጎንተል ጭምር ለብቻው ይቆጠራል። የእህታችን ሒጃብ መጎተት እዚያ ውስጥ መግባት ነበረበት።

የቁጥሩን ድንበርም እወቁ። የሚቆጠረው ግቢው፣ ኮሌጁ የሚጠቀምባቸው ሌሎች ሕንፃዎችና ከግቢው ጋር የሚዋሰነው መንገድ ነው። በር ላይ ያለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ይገባል፤ ሁለት መንገድ አልፎ ያለው አይገባም። የእኛ ልጆች ደግሞ ማደሪያ የላቸውም፤ የሚፈሩት መኪና ማቆሚያውንና ፌርማታውን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ግቢ ሁሉ ሰላም ነው ማለት አይደለም። በብዙ ኮሌጆች ጥበቃው ማታ እስከ መኪና ድረስ ያጅባል፤ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ ለመደወል አትፈሩ።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ተሰባሰብን። አምስት ሆነን የጠፉትን መብራቶች በየፖሉ ቁጥር ጽፈን ለጥበቃው ኃላፊም ለተማሪዎች ጉዳይ ቢሮም ሰጠን። ቀኑን ጽፈን፣ ቅጂውን ይዘን። መብራቶቹ ተሠሩ። እህታችን ግን አልተመለሰችም።

ስለ ሰላት የጠየቁኝ ወጣቶች አሉ። በሀገር ቤት ግቢ የተማርን ሰዎች «በጀማዓ መስገድ ክልክል ነው» የሚል ቃል ጆሯችን ላይ ቀርቷል፤ ለዚህ ነው እዚህም መጥተን ደረጃ ሥር የምንደበቀው። ደረጃ ሥር አትስገዱ። ፍርሃቱን ተዉትና፣ ደረጃ የእሳት መውጫ ነው፤ ያ ደንብ ትክክል ነው። ከዚያ ይልቅ ክበብ አስመዝግቡና ክፍል ጠይቁ። በ1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ዊድማር በቪንሰንት ላይ» በተባለው ጉዳይ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍሎቹን ለተማሪዎች ክበባት ከከፈተ ለሃይማኖት ክበብ ሊዘጋ አይችልም ብሏል። ከሳሾቹ ክርስቲያን ተማሪዎች ነበሩ፤ የተጠቀምነው ግን ሁላችንም ነን። ከዚያ በፊት በ1972 «ሂሊ በጄምስ ላይ» በተባለው ጉዳይ ኮሌጅ የአንድን የተማሪ ማኅበር ሐሳብ ስላልወደደው ብቻ ዕውቅና ሊከለክለው እንደማይችል ተወስኗል። በዚያው ፍርድ ግን ማኅበሩ የግቢውን ተገቢ ደንብ አከብራለሁ እንዲል ኮሌጁ ሊጠይቅ ይችላል ተብሏል። ሰልፍ የምትወጡ ልጆች ይህችን ሁለተኛዋን አትርሷት። መፈክራችሁን ማንም አይነካባችሁ፤ በር ዘግታችሁ፣ ፈተና ረብሻችሁ ግን ሰበብ አትስጡ። ሰላማዊ መሆን ስንል ይህን ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ እንግዲህ። የኮሌጁን ኢሜይል በየቀኑ ክፈቱ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከተላከበት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። «ደርሶኛል፣ ማስረጃውን ማየት እፈልጋለሁ» ብላችሁ በጽሑፍ መልሱ። ያላደረጋችሁትን አትፈርሙ፤ ያደረጋችሁትን ደግሞ አትካዱ፣ ውሸት ራሱ ሌላ ክስ ነው። ለብቻችሁ አትግቡ። ነገሩ ፖሊስም የሚያየው ከሆነ ከማንም ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ ዲኑ ፊት የተናገራችሁት ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። በኤፍ 1 ቪዛ ያላችሁ እገዳው ከመጽናቱ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሂዱ፤ ከትምህርት መታገድ ሕጋዊ ቆይታችሁን ሊያቋርጥ ይችላል።

ያ ወንድማችን አልሐምዱሊላህ ዛሬ ነርስ ነው። ይህን ንግግር ከማድረጌ በፊት ደውዬ ታሪኩን ልናገር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ተናገሪ፣ የፓርኪንጉን ግን ቀንሺው» አለኝ። አልቀነስኩም፤ ይቅር ይበለኝ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ አለ። ደብዳቤ የደረሳችሁ ካላችሁ በሕዝብ ፊት አታንሱት፤ ከኋላ በሻዩ ጠረጴዛ በኩል እቀመጣለሁ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።